የአያ ዋኘው ጭነት

ልጆቼ፣ ይህን አንገቴን ደፍቼ ነው የማወራችሁ። ያኔ ጣልያን ከወጣ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው። አንድ ፈረንጅ፣ እኛ "ሙሴ" የምንለው፣ ዋልያና ወፍ ሊያይ ስሜን ሊወጣ ጎንደር መጣ። በቅሎ ጫኙ አያ ዋኘው፣ ስንቅ አሰናጂዋ እኔ። የጫኝ እንጀራው ስሙ ነው፤ ይህን ያዙልኝ።

ጎንደር አራዳ፣ ሙሴው ካረፈበት ግቢ፣ ዕቃው ሸራ ላይ ተዘረጋ፤ ድንኳኑ፣ ገመዱ፣ ቅጠል የሚያደርቅበት ወረቀት፣ የሩቅ ማያ መነጽሩ ከነቆዳ ቤቷ። እሷን ለማንም አያስነካም። ሸጋ ነገር ነበረች! መሐሏ ላይ ያለችውን መዘውር በጣት ዞር ስታደርጓት ጉሙ ይገፈፍና የማዶው ሰው ከነቆቡ ዓይናችሁ ሥር ይቆማል።

አያ ዋኘው ግራና ቀኙን በእጁ እየመዘነ ይጭናል። የቆዳውን ቤት አነሳ፣ መዘነ፣ መልሶ መዘነ።

"የበቅሎ ጀርባ ሐሰት አይወድም፣ እንኳየሁ" አለኝ።

"አንተስ ትወዳለህ?" አልኩና በሶዬን መፍጨቴን ቀጠልኩ።

"ዘንድሮስ መነኩሴ ልጅሽን ታይው ይሆን?"

"ሴት የማይረግጠው ገዳም ገብቼ? ከገደሉ አፋፍ ቆሜ ገዳሙ ያለበትን ቆላ አያለሁ እንጂ።"

ሦስት ቀን ዝናብ ለዝናብ ተጓዝን። አፋፉ ላይ አንድ ቀን ውለን ሰማዩ ሲጠራ፣ ሙሴው የቆዳውን ቤት ከፈተ። በመነጽሯ ፈንታ አንድ ጎኑ የለሰለሰ ድንጋይ ወጣ!

ካገሩ ደብር ቄስ ተጠሩ። መስቀላቸውን አንስተው "የወሰደ፣ መወሰዱንም አውቆ የሸሸገ፣ ውጉዝ ይሁን!" አሉ። ሁላችንም "አሜን" እያልን ተሳለምን። አያ ዋኘው ግን አልተነቃነቀም።

"ምነው አያ? አሜን በል እንጂ!" አለው መንገድ መሪው በላቸው።

"አልችልም።"

"እንግዲያ መነጽሯን አምጣ!"

"እኔ ዘንድ የለችም።" ቀና ብሎ አየኝና አቀረቀረ። ኀፍረቱ ነው አልን።

ከዚያ ወዲያ አራዳ ላይ ጭነት የሚሰጠው ጠፋ። ሰላምታ እንኳ ነፈግነው። ማክሰኝት ወርዶ የሰው ከብት ሲጠብቅ ሞተ። ለቅሶውን አልደረስኩም። እስካሁንም አልቆረብኩም፤ ምነው ስትሉኝ በእግሬ አመካኛለሁ።

በሉ፣ ከጎታው ሥር በሻሽ የጠቀለልኳትን አውጡና ለአያ ዋኘው ልጅ ለአበቡ አድርሱልኝ፤ መዘውሯ ዛሬም ትዞራለች።