የድመቷ ጥፍር

«ድመት ወደዚህ የላስቲክ ግሪን ሃውስ መግባቷ በጥብቅ የተከለከለ መሆኑን እናስታውቃለን!»

ይህን ጽፈው በሩ ላይ የቸነከሩት ጡረታ የወጡ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ናቸው። ድመቷ የጎረቤታቸው የወይዘሮ አስካለች ናት። ላስቲኩ በተቀደደ ቁጥር ወይዘሮዋ «ውይ በሞትኩት፣ ጋሼ!» እያሉ ፕላስተር ይዘው ይመጣሉ፤ ሲለጥፉና ሲጫወቱ ይረፍዳል። ያ ጨዋታ ባይኖር ጡረተኛው ቀኑን ሙሉ የሚያወሩት ከቲማቲም ጋር ነበር።

ዛሬም ላስቲኩ ላይ ሦስት አዲስ ቀዳዳ ጠበቃቸው። ወይዘሮ አስካለች ግን ፕላስተሩን አልፈቱም።

«ጋሼ፣ ስሞታዎ ሲበዛብኝ ድመቷን አዳማ ላለችው ልጄ ከላክኋት ሳምንት አለፋት እኮ! ታዲያ ይሄን ማን ቀደደው?»

ጡረተኛው ምላጩን ወደ ኪሳቸው ግርጌ ገፋ አደረጉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ማብራሪያ አልሰጥም።»