ወደ ምሥራቅ ዞሮ

የንስሐ አባቱ መምሬ ልሳነ ወርቅ፣ በቅርቡ የገባበትን ኮንዶሚኒየም ጠበል ሊረጩለት ከሰዓት በኋላ መጡ። ረጭተው ሲጨርሱ ሳሎን ተቀመጡና፣ በየማለዳው እንዲያደርስ ያዘዙትን ጸሎት እንዴት እንደያዘው ጠየቁት። ባለፈው ጾም «እንቅልፍ አሸነፈኝ» ብሎ ተናዝዞ ነበር።

«አሁንማ አባ፣ ወፍ ሳይንጫጫ ነው የምነሣው» አለ።

ሻይ የምትቀዳው ሚስቱ እማዋይሽ ቀና ብላ አየችው።

«ዳዊቴን ይዤ እዚያ ሥዕሉ ፊት፣ ወደ ምሥራቅ ዞሬ እቆማለሁ። ጸሎቱ ሲጥመኝ ጊዜው አይታወቀኝም። ፀሐይ ወጥታ በዚያ ሥዕሉ አጠገብ ባለው መስኮት ስትገባና ፊቴን ስታሞቀኝ ነው፣ ለካ ነግቷል የምለው።»

«እሰይ፣ ያጽናህ» አሉ መምሬ።

ወሬው ወደ ዘመድ አዝማድ ዞረ፤ ሻዩም ተደገመ። ቀኑ መሸት ሲል፣ ልትጠልቅ ያዘቀዘቀችው ፀሐይ በዚያው ሥዕሉ አጠገብ ባለው መስኮት ገብታ የመምሬን ፊት ሞላችው። እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ወደ መስኮቱ አዩ።

«እማዋይሽ ልጄ፣ እስቲ መጋረጃውን ዝጊልኝ» አሉ። «ይቺ የባልሽ የማለዳ ፀሐይ ዓይኔን ወጋችኝ።»