ወንፊቱ ላይ የተያዘችው ሸርጣን

ጋሼ ወንፊት የብረት ወንፊቱን ከውሃው ስበው ሲያወጡ ከጭቃና ከቅጠል በቀር የሚታይ ነገር የለም። ከኋላቸው ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ይጠራርጋል። ከሩቅ የተጠራችው የወንዝ እንስሳት ባለሙያ ግን ደብተሯን አቅፋ ትጠብቃለች።

የከተማው የመጠጥ ውሃ ከወንዙ በሚገባበት ቦይ አፍ ላይ ይህን ወንፊት ሲያጸዱ አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ቅጽል ስማቸውም ከዚሁ የመጣ ነው። ከክረምቱ ወዲህ ሸርጣን አየሁ ቢሉ የሚያምናቸው ጠፋ። በዚህ ወንዝ ሸርጣን ኖሮ አያውቅማ። ሥራ አስኪያጁ ዓይናቸው ደክሟል ብሎ የማዛወሪያ ደብዳቤያቸውን አስጽፏል። ዛሬ ካላሳዩ አበቃላቸው።

ቅጠሉን በጓንታቸው ገለጥ ያደርጋሉ። አለች። መዳፍ የምታህል፣ የጡብ ቀለም ያላት፣ መቆንጠጫዎቿን አንስታ ሦስቱንም ልትገጥም የተሰናዳች።

«ይኸውላችሁ» ይላሉ። ሥራ አስኪያጁ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል።

ባለሙያዋ ሸርጣኗን ከጀርባዋ ይዛ ትገለብጣታለች። ሆዷ ላይ የታጠፈውን ክዳን ስትከፍተው ከሩዝ ፍሬ ያነሱ ልጆች ይርመሰመሳሉ፤ ሁሉም እግርና መቆንጠጫ ተሟልቶላቸዋል። ጋሼ ወንፊት እጃቸውን አፋቸው ላይ ይጭናሉ። ይህን ሁሉ ታቅፋ ነው ለካ ከውሃው ግፊት ጋር የታገለችው። እናት ማለት ይቺ ናት፣ ይላሉ በልባቸው።

ባለሙያዋም ዓይኗን መንቀል አቅቷታል። የዚህች ሸርጣን አገር ከተራሮቹ ወዲያ ማዶ ነው፣ አንድ ሰው አምጥቶ ሳይጥላት አልቀረም ትላለች። አንዲት ብቻ ከሆነች ግድ የለም፤ ከተራባች ግን የወንዙን ዓሣ እንቁላል ትጨርሰዋለች።

«ጋሼ፣ የበፊቶቹን የት አደረጓቸው?»

የወንፊቱ ደንብ የቆየ ነው፤ በሕይወት የተያዘ ሁሉ ወደ ወንዙ ይመለሳል። ለማሳያ እንኳ አንዷን አላስቀሩም፣ ገልብጠውም አላዩም። ጠፉብኝ ቢሉ የሚጠይቃቸው የለም። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ገና አሁን ነው በአክብሮት ያያቸው።

«መለስኳቸው» ይላሉ። «ተመልሰው ወንፊቱ ላይ እንዳይጎዱ ብዬም በባልዲ፣ በብስክሌት እስከ ታችኛው ድልድይ አደረስኳቸው።»

«ስንት ይሆናሉ?»

«ሠላሳ አያንሱም።»

ባለሙያዋ ምንም ሳትጽፍ ደብተሯን ትዘጋለች። ሦስቱም ወደ ድልድዩ ያያሉ። ጋሼ ወንፊት ያፍራሉ፤ ደግሞም፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ይኮራሉ። ወንዙ እንደ ወትሮው ጸጥ ብሎ ይወርዳል፤ እዚያ ታች፣ ከድንጋዮቹ ሥር፣ ሠላሳ እናቶች የሆዳቸውን ክዳን እየከፈቱ ነው።