ጎረቤት ሊገዙ የወጡት ሰው

አቶ ሚልኬሳ አምቦ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት መድኃኒት ሲያድሉ ኖረው በጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የማብቂያ ቀኗ ሁለቴ ሳይነበብ ከእጃቸው የወጣች ኪኒን የለችም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጣቢታ በሕይወት ሳሉ፣ «አንተ ሰው፣ የእኔን ሰላምታም የማብቂያ ቀን ትፈልግለታለህ» ይሏቸው ነበር።

ወይዘሮ ጣቢታ ካረፉ በኋላ ከከተማው ዳር፣ አዲሱ ሠፈር ውስጥ ብቻቸውን ቀሩ። ቤቱ ሰፊ ነው፤ የግቢው ግንብ ረጅም ነው፤ የጎረቤቶቹም እንደዚያው። ባለፈው ዓመት መታጠቢያ ቤት ውስጥ አዳልጧቸው ወደቁና ከጠዋት እስከ ማታ ሲጣሩ ዋሉ። የመለሰላቸው የጎረቤት ውሻ ብቻ ነበር። ያን ቀን ክፉኛ ፈሩ። የፈሩት ሞትን አይደለም፤ ሞተው ሳይታወቅ መሰንበትን ነው።

ስለዚህ ቤታቸውን ሸጠው መሃል ከተማ ሊገቡ ቆረጡ። ቤት ለስሙ ነው እንጂ የሚፈልጉት ጎረቤት ነበር። ዓይናቸው ከገበያው በላይ ባለው አሮጌ ሠፈር ላይ ዐረፈ። እዚያ አጥሩ ቆርቆሮ ነው፤ አንዱ ሲያስነጥስ ሦስት ቤት «ይማርህ» ይላል።

ይሁንና ሻጭ ገዢ መጣ ሲሉት ዋጋ ይሰቅላል፤ ሠፈርተኛም ጠባዩን ያሳምራል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። አቶ ሚልኬሳ ለደላላ ትንፍሽ ሳይሉ ክረምቱን በሙሉ ሠፈሩን በራሳቸው ዘዴ መረመሩት። ጎህ ሲቀድ የዝናብ ካፖርታቸውን እስከ አፍንጫቸው ቆልፈው በባጃጅ ይመጣሉ። አምቡላንስ ያስፈልገኝ ይሆናል ብለው ከዋናው መንገድ እስከ እያንዳንዱ በር ያለውን እርምጃ ይቆጥራሉ። ጎርፉ የት እንደሚተኛ ያያሉ። የቦኖውን ውኃ በመዳፋቸው ይቀምሳሉ። ማን ለታመመ ጎረቤቱ አጥሚት ይዞ እንደሚገባም ሳይቀር ማስታወሻቸው ላይ ያሰፍራሉ። ሠፈሩ ፈተናውን በጥሩ ውጤት አለፈ።

መስቀል አልፎ መሬቱ ሲደርቅ ሱፋቸውን ለብሰው ደላላው ኤጄታ ዘንድ ሄዱ።

«ዕድለኛ ነዎት፣ ኦቦ ሚልኬሳ» አላቸው። «ከዚያ ሠፈር ሰው ወጥቶ አያውቅም ነበር። ዘንድሮ ግን ወይዘሮ ጌጤነሽ ሊሸጡ ነው።»

ወይዘሮ ጌጤነሽ እዚያ ቤት ውስጥ አርባ ዓመት የኖሩ ባልቴት ናቸው። አቶ ሚልኬሳ ሳምንት ሙሉ ሊከራከሩ ወገባቸውን አስረው ገና የመጀመሪያውን ዋጋ ሲጠሩ፣ ሴትዮዋ «እሺ፣ ይባርክልዎት» አሉ። አቶ ሚልኬሳ ከመስማማት ይልቅ ጥያቄ ጀመሩ።

«ለምን ይሸጣሉ?»

«ነቀምት ልጄ ጋ ልሄድ ነው።»

«እንዲህ በድንገት?»

«እርጅና መቼ ቀጠሮ ይሰጣል፣ ኦቦ?»

ይህ መልስ አልጣማቸውም። ወደ ጎረቤት ዞሩ። የዕድሩ ዳኛ ኦቦ ኦሊቃ፣ «ጋሪ ዳ፤ ቤቱ ጥሩ ነው» ብለው ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። ባለሱቋ ደራርቱ ደግሞ «እኔ የሰው ገበያ አላበላሽም» ብላ ስኳሯን መመዘን ቀጠለች። ሁሉም ያወቀውና እሳቸው ያላወቁት አንድ ነገር እንዳለ ገባቸው።

ማዘጋጃ ቤት ሄዱ። ካርታው ንጹሕ ነው፤ ዕዳም እገዳም የለበትም።

«መንገድስ ይነካዋል?» ሲሉ ጠየቁ።

«አይነካውም። ለዚያ ሠፈር የታቀደ ምንም ነገር የለም።»

በእኛ አገር ጽሕፈት ቤት «የለም» ያለውን ሕዝቡ «አለ» ብሎ ይሰማዋል። አቶ ሚልኬሳ ግን በማኅተም የሚያምኑ ሰው ናቸው። መልሱን በወረቀት አጽፈው፣ ማኅተም አስመትተው፣ ማኅተሙን ሁለቴ አይተው ገዙ። ወይዘሮ ጌጤነሽ ሲፈርሙ «አምላኬ ይቅር ይበለኝ» ሲሉ ሦስቱም ምስክሮች ሰምተዋል።

ኅዳር ሲገባ አቶ ሚልኬሳ ዕቃቸውን ይዘው ገቡ። ሰው ብቅ እንዲል ብለው የውጪውን በር ገርበብ አድርገው ተዉት። ለእንግዳ የሚሆን ቆሎና ለስላሳም አዘጋጅተው ነበር። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ማንም አልመጣም።

ወጥተው አዩ። የደራርቱ ሱቅ ተዘግቷል። ከዚያ ቀጥሎ ያሉት በሮች ላይ አዳዲስ ቁልፎች ተንጠልጥለዋል። ኦቦ ኦሊቃ ደጅ አይሱዙ ቆሞ ፍራሽ ይጫናል።

«ወዴት ነው፣ ኦቦ ኦሊቃ?»

«ጊንጪ፣ ወንድሜ ጋ። ሸጥኩት።»

«ደራርቱስ?»

«እሷም ሸጠች። ወይዘሮ ጌጤነሽ ሲሸጡ ጊዜ ሁላችንም ተከተልን። የገዛን አንድ የሸገር ነጋዴ ነው። ለጊዜው መጋዘን ያደርጋቸዋል አሉ።»

አቶ ሚልኬሳ የቆርቆሮውን አጥር ተደግፈው ቆሙ። ከእንግዲህ ቢወድቁ የሚሰማቸው የሲሚንቶ ከረጢት ነው።

«ምን መጣባችሁ?» አሉ በቀጭን ድምፅ።

ኦቦ ኦሊቃ አፈሩ። «ልንነግርዎት ይገባ ነበር። ለባልቴቷ አዝነን ዝም አልን። ይኼ መንገድ ሊሰፋ ነው፤ ቤቱ ሁሉ ይፈርሳል። ከማዘጋጃ ቤት ሰው መጥቶ ለክቶታል።»

የአቶ ሚልኬሳ ደም ፈላ። መታለላቸውን ገና ድሮ ጠርጥረውት ነበር። ማኅተም ያለበትን ወረቀት ከኪሳቸው አውጥተው ዘረጉት።

«አይነካውም ብለው የፈረሙት ወረቀት ይኸው። ማነው የለካው? ስሙን ይንገሩኝና ዛሬውኑ ሄጄ አንገቱን ልያዘው።»

«ስሙን ማን ጠየቀው?» አሉ ኦቦ ኦሊቃ ፍራሹን እየገፉ። «ክረምቱን ሙሉ በየማለዳው ፊቱን ሸፍኖ እየመጣ በየደጃችን እርምጃውን ሲቆጥርና ሲጽፍ ከረመ፤ ጥንቃቄው ደግሞ አይጣል ነው፣ የቦኖአችንን ውኃ እንኳ ሳይቀምስ አላለፈም።»