ኦቦ ኤጄታ ለልጃቸው የመረጡት ኢንሹራንስ

«መኪናውን ነው ወይስ ሰውን?»

የኢንሹራንስ ቢሮው ጸሐፊ እስክሪብቶውን አንስቶ ጠበቀ...

ወርቅቱ ከአባቷ ከኦቦ ኤጄታ ጎን ተቀምጣለች። ዕድሜዋ አሥራ ዘጠኝ ነው፤ እናቷን አታውቅም። መንጃ ፈቃድ ካወጣች ገና ሁለት ሳምንቷ!

ዘመኑ 1979 ዓ.ም.፣ ከተማው አምቦ ነው።

ኦቦ ኤጄታ ከጉደር ሽንኩርት እያመጡ የሚነግዱበት አሮጌ ፔጆ ፒክአፕ አላቸው። እሳቸው ግን መሪ ጨብጠው አያውቁም... ሰው የሚያውቀው እንደዚያ ነው።

ሹፌራቸው ለብሔራዊ ውትድርና ሲጠራ መኪናው ቆመ። ወርቅቱ «እኔ ልንዳ» ብላ ክረምቱን ሙሉ ለመነቻቸው። እንቢ፣ እንቢ ብለው በመጨረሻ ተረቱ።

«አሽከርካሪዋ ልጅ ስለሆነች ክፍያው ከፍ ይላል» አለ ጸሐፊው። «ሁለቱንም ቢገቡ ጥሩ ነበር። ካልቻሉ ግን የመኪናውን ይግቡ። ጀማሪ ናት፤ የሆነ ቦታ መላተሟ አይቀርም። መኪናው መተዳደሪያዎ እኮ ነው!»

«የሰውን አድርግልኝ።»

«ሦስተኛ ወገን፣ መኪናው ለሚጎዳው ሰው ብቻ? ነገ ቢገለበጥ ምንም አያገኙም፣ ኦቦ ኤጄታ!»

«ገብቶኛል። የሰውን ጻፍ።»

ወርቅቱ ፊቷ ተለዋወጠ። ከቢሮው እንደወጡ አላስቻላትም...

«አባኮ፣ ሰው እገድላለሁ ብለው ነው?»

«አይደለም ልጄ።»

«ታዲያ ለምን?»

ኦቦ ኤጄታ የመኪናውን ቁልፍ እጇ ላይ አኖሩላት።

ይህ ነገር ውስጧ ቀረ። አባቷ እንዳላመኗት ቆጠረችው። እልህ ይዟት ሰባት ወር ሙሉ ጭረት እንኳ ሳታስነካ ነዳች።

በስምንተኛው ወር፣ አንድ የገበያ ቀን ረፋድ ላይ፣ ሽንኩርት ጭና ከጉደር ስትመለስ ዝናብ ጣለ።

ከፊቷ አንድ ገበሬ የተጫነ አህያ እየነዳ በመንገዱ ዳር ይሄዳል።

አህያው ደንብሮ አስፋልቱ ላይ ወጣ። ሰውየው ሊመልሰው ተከትሎት ገባ...

ወርቅቱ ፍሬን ረገጠች። መኪናው ግን ተንሸራተተ...

ሰውየው ሆስፒታል ሳይደርስ አረፈ። ጉዩ ይባላል። ቦጋለች የምትባል ሚስትና አራት ልጆች ነበሩት።

ፒክአፑ ቦይ ውስጥ ተገልብጦ እንዳይሆን ሆነ።

ወርቅቱ ታስራ ሰንብታ በዋስ ወጣች። ኦቦ ኤጄታ ንግዳቸው ቆሞ በየሰዉ መጋዘን ጆንያ መስፋት ጀምረው ነበር። ጎረቤቱ «በገዛ እጃቸው ደኸዩ» ይላል።

ከወራት በኋላ የኢንሹራንሱ ካሳ ለቦጋለች ደረሳት። በሬዎቿን ሳትሸጥ፣ ልጆቿንም ከትምህርት ቤት ሳታስወጣ ቀረች።

ሽማግሌዎች የጉማ እርቅ ቀን ቆረጡ። ገዳይና የሟች ቤተሰብ ፊት ለፊት ተገናኝተው ደም የሚያደርቁበት ቀን ነው።

የዚያን ዕለት ጠዋት ወርቅቱ ከአልጋዋ አልነሳም አለች።

«በምን ዓይኔ ነው ልጆቹን የማያቸው? እርስዎ ሰው ገድለው አያውቁ፣ አይገባዎትም!»

ኦቦ ኤጄታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«እኔም ሹፌር ነበርኩ» አሉ።

ወርቅቱ ቀና አለች።

«እንጭኒ ነው የነበርኩት። የሰው የጭነት መኪና እነዳ ነበር። የዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት አንድ ሰው ገጨሁ። ሞተ። ኢንሹራንሱ ለመኪናው ብቻ ነበር። መኪናው ተጠግኖ ሥራውን ቀጠለ። ለሟች ቤት ግን አምስት ሳንቲም አልደረሰም...»

«ከዚያስ?»

«ሁለት ዓመት ታስሬ ስፈታ ሚስቱም በሕመም ሞታለች። ሽማግሌ ሊያስታርቀን ሲቀመጥ የምሰጠው አንዲት ጥጃ እንኳ አልነበረኝም። ሟቹ አንዲት ሴት ልጅ ነበረችው። ነፍስ ሳታውቅ ጎረቤት እጅ ላይ ቀርታለች። ‹እሷን በጉዲፈቻ ስጡኝና ላሳድግ› ብዬ የሽማግሌዎቹ እግር ላይ ወደቅሁ...»

እጇን ያዙ።

«ሰውየው ተሬፋ ይባላል። አባትሽ ነው፣ ወርቅቱ።»

ወርቅቱ ያኔ ነው የገባት... ያደገችው፣ የተማረችው፣ ስሙን ይዛ የምትጠራው አባቷን በገደለው ሰው ቤት ነው። እኚህ ሰው ሚስት ሳያገቡ፣ ሌላ ልጅ ሳይወልዱ እሷን ብቻ ይዘው ኖረዋል።

«ለምን ደበቁኝ?» አለች እያለቀሰች።

«ትሄጂብኛለሽ ብዬ ፈራሁ።»

ወርቅቱ ተነስታ ፊቷን ታጠበች። ከፊት ከፊት እየሄደች ቦጋለች ደጅ ደረሰች። ልጆቹ ፊት ተንበርክካ «እኔንም አባቴን መኪና ነው የነጠቀኝ» አለቻቸው።

ቦጋለች ራሷ ናት ደግፋ ያነሳቻት።

ከዚያ በኋላ ግን ወርቅቱ ለሳምንታት ከኦቦ ኤጄታ ጋር በቅጡ አልተነጋገረችም። ይቅርታው ቶሎ አልመጣላትም... እውነቱን ለመናገር ማንም ቢሆን ቶሎ አይመጣለትም።

አንድ እሑድ በአውቶቡስ ተሳፍረው እንጭኒ ሄዱ። ኦቦ ኤጄታ ተሬፋ የተቀበረበት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«አንቺ ግቢ። እኔ እዚህ እጠብቅሻለሁ።»

ወርቅቱ ክንዳቸውን ያዘች።

«መቃብሩን አላውቀውም፣ አባኮ። እርስዎ ያሳዩኝ።»

አብረው ገቡ...

ወገኖቼ፣ ለልጃችን የመኪና ቁልፍ ስንሰጥ ስለ ልጃችንና ስለ መኪናችን እናስባለን። መንገድ ዳር የሚሄደውን፣ ስሙን እንኳ የማናውቀውን ሰው ግን ማን ያስብለታል? እሱንም ማታ የሚጠብቁት ልጆች አሉት። ብረት ይተካል፤ አባት ግን አይተካም።

እናንተ በወርቅቱ ቦታ ብትሆኑ ኦቦ ኤጄታን አባት ብላችሁ መጥራት ትቀጥሉ ነበር? ወይስ የተደበቀው እውነት ይበልጥባችሁ ነበር? የልባችሁን ከታች ጻፉልኝ... አነበዋለሁ።