ደም አይረሳም

ስንዱ ሦስተኛ ልጇን ገና በሆዷ እያለ አጣችው። ሁለተኛውም የሞተባት እንዲሁ ነበር። በማግስቱ ሐኪሟ መጥታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ምክንያቱን ቀስ ብላ አስረዳቻት።

«ያንቺና የልጆችሽ ደም አይስማማም። ነጭ የደም ሴሎችሽ የሰውነትሽ ዘበኞች ናቸው፤ የልጅሽን ደም ጠላት መስሏቸው ተነሡበት። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።»

ራስጌዋ የቆሙት እናቷ ወይዘሮ ይታይሽ እንባቸውን ጠረጉ።

«የመጀመሪያውንም የገደለብኝ ይኸው ነዋ!» አለች ስንዱ። ያኔ ሳታገባ፣ ገና ተማሪ ሳለች፣ አክስቷ ቤት ተደብቃ ነበር የወለደችው። ከምጡ ብዛት ራሷን ስታ ስትነቃ፣ «ሞቶ ተወለደ፤ ቀበርነው» አሏት እናቷና አክስቷ። ፊቱን እንኳ ሳታየው፣ እስከ ዛሬ በሆዷ ስታለቅስለት ኖራለች።

ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀች።

«የመጀመሪያውንስ ዘበኞቹ ብዙ ጊዜ አይነኩትም። የልጁን ደም የሚያውቁት እሱ ሲወለድ ነው። አንዴ ካወቁት ግን አይረሱም፤ የሚጎዱት ተከታዮቹን ነው። ያኔ ሐኪም ቤት ወልደሽ ቢሆን መከላከያ መርፌ ነበረው። የመጀመሪያው የሞተው በሌላ ነገር መሆን አለበት።»

ስንዱ ወደ እናቷ ዞረች።

«እማዬ፣ በምን ነበር የሞተው?»

ወይዘሮ ይታይሽ የአልጋውን ብረት ጨብጠው መሬቱ ላይ ቁጭ አሉ። ቀና ሳይሉ፣

«ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ገባች» አሉ።