የንግሥቲቱ እጅጌ

«ይህን ደረጃ ንጉሡ በፈረስ ይወጡት ነበር ይባላል» አለች አስጎብኚዋ። «ፈረሱ ግን ሐሳቡን አልተጠየቀም።»

ጎብኚዎቹ ሳቁ። ከኋላ የቆመችው ልብስ ሰፊ አልሳቀችም። ከንፈሯ ቀልዱን ከወጣቷ አስጎብኚ እኩል ጨርሶት ነበር። እዚህ አስጎብኚ የነበረው ባሏ ሃያ ዓመት ሙሉ የስፌት መኪናዋ አጠገብ ቆሞ፣ የእንጨት ሜትሯን እንደ ከዘራ እየጠቆመ ሲለማመድ ሰምታዋለች። የሥዕል ሙዚየም የሆነውን ይህን የድሮ ቤተ መንግሥት ግን ዛሬ ገና መርገጧ ነው። «መቼ ነው የምትመጪው?» ሲላት «ይህቺን ቀሚስ ላድርስና» እያለች፣ ቀሚስ ቀሚስን ሲወልድ፣ እሱ ከሞተ ይኸው ሁለት ወር ሆነው።

የመጣችው ለአንድ ነገር ነው። «የንግሥቲቱ ሥዕል ፊት ስደርስ አንቺን ሳላነሳ አላልፍም» ይላት ነበር። «ሂድ ወዲያ፣ ቀልደኛ!» ትለዋለች። እውነቱን ይሆን?

ሦስት አዳራሽ አልፈው የንግሥቲቱ ሥዕል ጋ ደረሱ። ጥቁር ለብሳለች፤ ባሏን በቀበረች ሰሞን ነው የተሳለችው። ልጅቷ ስለ ቀለሙ ተናገረች፣ ስለ ክፈፉ ተናገረች። «እንግዲህ ወደሚቀጥለው…»

«እዚህ ጋ ሌላ የሚነገር የለም?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

አስጎብኚዋ ደብተር ገለጠች። የሟቹ ነው፤ በሱፍ ቁራጭ ያለበሰችለት ልብስ ሰፊዋ ራሷ ናት።

«እውነቱን ልንገርዎት እናቴ፣ ከእኔ በፊት የነበሩት ጋሼ እዚህ ላይ ‹የባለቤቴን ነገር አወራለሁ› ብለው ጽፈዋል። ከዚያ በታች ባዶ ነው። በቃላቸው ይዘውት ይሆናላ! እኔ ምን ልበል? እዘለዋለሁ።»

ልብስ ሰፊዋ ወደ ሥዕሉ ጠጋ አለች።

«እጅጌዋ ነው» አለች። «የቀኙ ለግራ፣ የግራው ለቀኝ ተሰፍቷል። የሥዕሉን ፖስት ካርድ ይዞልኝ የመጣ ቀን ነው ያየሁት።»

«ወይ ጉድ!» አሉ አንድ ሽማግሌ መነጽራቸውን እየወለወሉ። «የንግሥት ልብስ? ሰፊዋ ሰክራ ነበር እንዴ?»

«ኧረ ለቀብር ተጣድፋ ነው፣ ምስኪን። እሱም ‹አንቺስ እንዲህ ትሳሳቻለሽ?› አለኝ። ‹እንዲህ የተሳሳትኩ ቀን መቀሴን ተቀበለኝ› አልኩት።»

ልጅቷ ደብተሩን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። «የጋሼ ባለቤት እርስዎ ነዎት?» አለች በቀስታ።

«የቱ ጋ ነው የተበላሸው? አልታይ አለኝ» አሉ ሽማግሌው።

«እዚህ ጋ፣ ትከሻው ላይ። ጨርቁ ወደ ኋላ ይጎትትና ይጨማደዳል» ብላ ልታሳያቸው እጇን ወደ ገዛ ትከሻዋ ሰደደች። የለበሰችው ጥቁር ቀሚስ በባሏ ቀብር ዋዜማ፣ ቤቱን ለቅሶ ደራሽ ሞልቶት፣ በአንድ ቁጭታ የሰፋችው ነው።

ጣቷ ስፌቱ ላይ ቆመ።

ጨርቁ ወደ ኋላ ተጎትቶ ተጨማዷል። በሌላው እጇ ሌላኛውን ትከሻዋን ዳሰሰች። ያም እንዲሁ።

ሁለት ወር ሙሉ ለብሳዋለች። ሁለት እጆቿን ትከሻዎቿ ላይ እንዳደረገች ቀና ብላ ንግሥቲቱን አየቻት።